የመጀመሪያ ሽጉጥ ለቤት ጥበቃ፦ ከፈቃዱ እስከ ብረት ሳጥኑ፣ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያ ሽጉጡን የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሽጉጥ ያያል። ስሙን ይወደዋል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ቀብድ ይሰጣል። ፈቃድ የሚያስበው ከዚያ በኋላ ነው። እጁ ላይ እንደማይመቸው፣ ጥይቱ እንደማይገኝ፣ ቤቱ ውስጥ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ እንደሌለ የሚገባው ደግሞ ገንዘቡ ካለቀ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ደሴ ሁኑ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልዲያ፣ ሽጉጥ በእጃችሁ የምትይዙት አምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። አትዝለሉ። አንዳንዳችሁ ሁለተኛው ላይ ልታቆሙ ትችላላችሁ፤ ብታቆሙም አይከፋኝም።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱ

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ፖሊስ ጋ ሂዱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። «አባቴም ነበረው»፣ «ሰፈሩ ሁሉ ይዟል» የሚባለው ነገር ጣቢያ ስትደርሱ አይሠራም።

1. የቀበሌ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ለወረዳችሁ ወይም ለከተማችሁ ፖሊስ ጥያቄ አቅርቡ። የሚያስፈልጉትን ማስረጃዎች ዝርዝር በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ዝርዝር በየመስኮቱ ይለያያል።
2. ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ ምን ዓይነት ሽጉጥ ይፈቀዳል? ስንት ጥይት? ፈቃዱ የሚታደሰው መቼ ነው?
3. ቤት ማስቀመጥ እና ይዞ መንቀሳቀስ በእናንተ አካባቢ እንዴት እንደሚታይ ጠይቁ። ክልሉ ውስጥ በየጊዜው ክልከላ ይወጣል። ባለፈው ዓመት የተፈቀደው ዛሬ ላይፈቀድ ይችላል።

*ቢበላሽስ?* ፈቃድ ከተከለከላችሁ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። «ወረቀቱን እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ ስልኩን ዝጉት። ሐሰተኛ ወረቀት ያለው ሽጉጥ ከነጭራሹ ወረቀት ከሌለው አይሻልም። ሁለት ወንጀል ነው።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ፈትሹት

ማታ፣ ሁሉም ሰው በሚተኛበት ሰዓት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። የቤቱን ንድፍ ሣሉ። ማን የት እንደሚተኛ ጻፉ። ጎረቤት የት እንደሚተኛም ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ በር፣ ኮምፔርሳቶ፦ አንዳቸውም የሽጉጥ ጥይት ያስቆማሉ ብላችሁ አትመኑ። ደሴ ላይ ተዳፋት ሰፈር የሚኖር ሰው ደግሞ የእሱ ወለል ከታችኛው ጎረቤት ጣሪያ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ከበራችሁ ወደ ውጭ የተተኮሰ ጥይት የሰው ሳሎን ሊገባ ነው ማለት ነው።

አሁን ንድፉ ላይ ከምትቆሙበት ቦታ ወደ በሩ መስመር አስምሩ። መስመሩን ግድግዳውን አሳልፋችሁ ቀጥሉት። ጫፉ ላይ ሰው የሚተኛ ከሆነ መቆሚያችሁን ቀይሩና እንደገና አስምሩ። ሰው የማይተኛበት አንድም መስመር ካጣችሁ ለእናንተ ቤት የሚሆን ሽጉጥ የለም።

በሩንም እዩት። መቀርቀሪያው በአጭር ሚስማር የተያዘ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። የውጭ መብራት፣ ጮሆ የሚቀሰቅስ ውሻ፣ ስልክ ሲደወልለት የሚነሳ ጎረቤት፦ እነዚህ ሳይኖሩ ሽጉጥ መግዛት ጣሪያው እያፈሰሰ መጋረጃ እንደመስቀል ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ቤት ውስጥ አብዝቶ የሚጠጣ፣ በቀላሉ የሚቆጣ ወይም በከባድ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ካለ እዚህ ላይ አቁሙ። ሰውየው ራሳችሁ ብትሆኑም። ሰው ሲሻለው እንደገና ይታሰባል።

ደረጃ 3፦ ሳጥኑ ከሽጉጡ ይቅደም

ፍራሽ ሥር፣ ቁምሳጥን ላይ፣ እህል ውስጥ፣ ትራስ ሥር። ልጆች እነዚህን ሁሉ ያውቋቸዋል። እናት ከረሜላ የምትደብቀው እዚያው አይደል!

1. ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ ወፍራም ላሜራ ሳጥን አሠሩ። ማጠፊያው ከውጭ አይታይ፤ ከውጭ ከሆነ በመሮ ይነቀላል።
2. ከውስጥ በኩል በብሎን ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር ይታሰር። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ከሲሚንቶ ወለል ጋር እሰሩት። የማይታሰር ሳጥን ሌባው ከነሽጉጡ ተሸክሞት ይሄዳል።
3. ቁልፉ ሁለት ብቻ ይሁን። አንዱ ፈቃዱ ያለው ሰው ላይ ይዋል። ሌላው ታሽጎ ከቤት ውጭ፣ የምታምኑት ሰው ጋ ይቀመጥ።
4. ለጥይቱ ለብቻው የሚቆለፍ ክፍል ይኑረው።

«ሌባ ሲመጣ ሳጥን ልከፍት ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። አዎ። በሩ ጠንካራ ከሆነ ጊዜ አላችሁ፤ ደረጃ 2 የቀደመው ለዚህ ነው። ትናንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ጥይት ጎርሶ መሳቢያ ውስጥ የሚያድር ሽጉጥ ከሌባው ይበልጥ አስፈሪ ነው።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ጥይቱን ምረጡ

«9 ሚሊ ነው» የሚል ቃል አይበቃም። «9 በስንት?» በሉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጥይቱ ውፍረት ገደማ ነው፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር።

9 በ19፦ ፓራቤለም የሚባለው ነው። አዳዲስ ሽጉጦች በብዛት የሚሠሩት ለዚህ ነው።
9 በ18፦ የማካሮቭ ጥይት ነው። አጠር ይላል፣ እርሳሱ ግን በጥቂቱ ይወፍራል። ከ9 በ19 ጋር አይቀያየርም። «ትንሽ ተጭነህ አስገባው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽጉጡን ከእጁ ተቀበሉት።
7.62 በ25፦ የቶካሬቭ ጥይት ነው። ፈጣን ነው፣ ግድግዳ የመብሳት አቅሙም ከፍተኛ ነው። ጎረቤት ተጠግቶ በሚኖርበት ሰፈር አልመክረውም።

በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ፣ የጥይቱን ቂጥ ወይም ፓኮውን አንብቡ፣ ሁለቱ መግጠማቸውን አረጋግጡ። በርሜሉ ላይ «P.A.K.» (ፒ.ኤ.ኬ.) የሚል ፊደል ካያችሁ ያ ሽጉጥ ሲሠራ ለድምፅ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ የማስደንገጫ ሽጉጦች ተበስተው እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ እየተደረጉ ይሸጣሉ። አካላቸው ለስላሳ ቅይጥ ስለሆነ ባለቤቱ እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ዋጋው ረክሶ፣ ቀለሙ አብረቅርቆ የመጣ ሽጉጥ ስታዩ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

የተፈቀደላችሁን ጥይት በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ካልቻላችሁ ሽጉጡ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

ደረጃ 5፦ አሁን ያዙት

ባለቤቱ «ባዶ ነው» ቢልም ባዶነቱን ራሳችሁ አረጋግጡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣታችሁ ከምላጩ ውጭ፣ ጎኑ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጥ።
2. ካዝናውን (እጀታው ውስጥ ያለውን የጥይት መያዣ) አውጡ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ።
3. ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡ። የጎረሰ ጥይት ካለ ተወርውሮ ይወጣል።
4. እንደተከፈተ ያዙትና ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ እዩ። ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። መብራት በሌለበት ሌሊት የሚያገለግላችሁ ጣታችሁ ነው።

2ና 3 ከተገላበጡ አደጋ አለ። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹን ከሳባችሁ አንድ ጥይት ይወጣል፣ ስትለቁት ሌላ ይጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን አውጥታችሁ «ባዶ ነው» ትላላችሁ። «ባዶ መስሎኝ ነው» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሦስት ነገር ሞክሩ።

*እጀታው።* አውራ ጣታችሁና ሌባ ጣታችሁ የሚገናኙበት ሥጋ ከእጀታው ጀርባ ከፍ ብሎ ይግባ። ክንዳችሁን ስትዘረጉ በርሜሉ ከክንዳችሁ አጥንት ጋር ቀጥ ይበል። ወደ ጎን ከዞረ እጀታው ወፍሮባችኋል።

*ምላጩ።* የሌባ ጣታችሁ ጫፍ ሥጋ ምላጩ መሐል ላይ ይረፍ። በጥፍራችሁ ጠርዝ ብቻ የምትደርሱ ከሆነ፣ ወይም ጣታችሁ እስከ መታጠፊያው የሚገባ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

*ተንሸራታቹ።* ከላይ በሙሉ መዳፋችሁ ጨብጡት። ሽጉጡን ወደ ፊት እየገፋችሁ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ሳቡ። ደጋግማችሁ ሞክሩ። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ፈቃድ ካላችሁ አቅሙ አነስ ያለው ሰው ይምረጥ።

«ለሴት ትንሽ ሽጉጥ» የሚባለው ምክር ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ትንሽ ሽጉጥ ሲተኮስ ይበልጥ ይመታል። ተንሸራታቹም ብዙ ጊዜ ይጠነክራል። ማካሮቭን ውሰዱ፦ 730 ግራም ገደማ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ግን ስፕሪንጉ ቀላል አይደለም። መካከለኛ መጠን ያለው 9 በ19 ለብዙ ሰው እጅ ይቀላል።

ደረጃ 6፦ መቆለፊያው እንዴት ነው?

የሽጉጦች ትልቁ ልዩነት እዚህ፣ ሽጉጡ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ በሚያግደው መቆለፊያ ላይ ነው፤ የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስለሱ ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ቶካሬቭ፣ የመጀመሪያው የሶቪየት ስሪት፣ በአውራ ጣት የሚዞር መቆለፊያ የለውም። ያለው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም መምቻ (ከኋላ ያለው መዶሻ) ብቻ ነው፤ እሱን አምናችሁ ጥይት አጉርሳችሁ አታስቀምጡ። ሌሎች አገሮች ሲሠሩት መቆለፊያ የጨመሩበት አለ። ለጀማሪ ግን ሁለቱንም አልመርጥም።

ግሎክም ከውጭ የሚዞር መቆለፊያ የለውም። መጠበቂያዎቹ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ምላጩ ላይ፣ ሁለቱ ውስጥ። ቢወድቅ እንዳይተኩስ ተደርጎ ተሠርቷል። ምላጩ ከተነካ ግን ይተኩሳል፣ ጣት ይሁን የጃኬት ገመድ አይለይም። ጥሩ ሽጉጥ ነው፤ የሚሆነው ግን ጣቱን ለገራ ሰው ነው።

ማካሮቭና ቤሬታ 92 ለመጀመሪያው ጥይት ምላጫቸው ረዘምና ጠንከር ብሎ የሚሳብ ሲሆን መቆለፊያም አላቸው። ለጀማሪ የምመርጠው ይህን ዓይነት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ማካሮቭ ላይ መቆለፊያው ወደ *ላይ* ሲገፋ ይቆለፋል። ቤሬታ 92 ኤፍ ኤስ ላይ ወደ *ታች* ሲገፋ ነው የሚቆለፈው። በአንዱ ሰልጥኖ ሌላውን የገዛ ሰው በጨለማ የሚሠራው የተገላቢጦሹን ነው። የሰለጠናችሁበትን ዓይነት ግዙ።

ደረጃ 7፦ አሮጌ ከሆነ

መለያ ቁጥሩን ፈልጉ። አካሉ ላይ ያለው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር በፊደልም በቁጥርም ይመሳሰል። ተንሸራታቹ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ ምክንያቱን ጠይቁ። ተፍቆ ከሆነ ሽጉጡን አስቀምጡና ውጡ።

በርሜሉን ከሽጉጡ አስፈትታችሁ ወደ ብርሃን አዙሩ። ውስጡ ላይ ጠምዘዝ ያሉት መስመሮች ጠርዛቸው ጥርት ብሎ ይታይ። ጥቁር ጉድጓዶች ካሉ ዝገት በልቶታል። ክብ ጥላ ወይም ቀለበት ካያችሁ በርሜሉ አብጧል፤ አትግዙት። ለመፈታት ምላጭ እንዲሳብ የሚጠይቁ ሽጉጦች አሉ፣ ግሎክ አንዱ ነው። ደረጃ 5ን ሳትደግሙ እሱን እንዳትነኩ።

ካዝናውንም እዩ፤ ከንፈሩ የተጣመመ ካዝና ጥይት በደንብ አያጎርስም። ትርፍ ካዝና የማይገኝለት ሽጉጥ ነገ ራስ ምታት ነው።

ደረጃ 8፦ ልምምድ፣ ሲነክስም ምን ይደረጋል

መተኮስ የምትለማመዱት ፖሊስ በፈቀደው ቦታና አሠልጣኝ ባለበት ብቻ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ መተኮስ ልምምድ አይደለም። ጥይት ከድንጋይ ነጥሮ ይመለሳል፤ እረኛና እንጨት ለቃሚም አለ።

ያለ ጥይት ግን ቤት ውስጥ ብዙ መሥራት ይቻላል። ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ቆልፉ። የደረጃ 5ን ፍተሻ አድርጉ። ሽጉጡን ማንም ወደሌለበት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አዙሩ። የፊት ማነጣጠሪያው አጠገብ፣ ተንሸራታቹ ላይ፣ ሳንቲም አስቀምጡና ምላጩን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሳንቲሙ ከወደቀ ጣታችሁ ሽጉጡን እየጎተተ ነው። ሳይወድቅ ደጋግማችሁ እስክትስቡ ቀጥሉ። ሽጉጡ አሮጌ ከሆነ ባዶውን ሲመታ መርፌው ሊጎዳ ስለሚችል መጀመሪያ ባለሙያ ጠይቁ።

በልምምድ ቦታ ሊያጋጥም የሚችለው ይህ ነው፦

*«ቃ» ብሎ ዝም ካለ።* አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ቆዩ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለ። ከዚያ ካዝናውን አውጡ፣ ጥይቱን አስወጡ።
*ድምፁ ደከም ካለ።* አቁሙ፤ ሁለተኛ አትተኩሱ። እርሳሱ በርሜል ውስጥ ተወትፎ ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ይሰነጥቀዋል።
*ቀለህ ተሰንቅሮ ከቀረ።* ጣታችሁን ከምላጩ አውጡ፣ ካዝናውን አውጡ፣ ተንሸራታቹን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። ከተደጋገመ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የላላ ክንድ ነው። ሽጉጡን ከመውቀሳችሁ በፊት አያያዛችሁን አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ የሌሊቱ ቅደም ተከተል

ከቤተሰብ ጋር ቀን ላይ ተስማሙ። ሌሊት አይወራም።

1. ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይግባ። ልጆቹ መሬት ላይ ይተኙ። በሩ ይቆለፍ።
2. አንድ ሰው ስልክ ይደውል፦ ጣቢያ፣ ከዚያ ጎረቤት። የጣቢያው ቁጥር አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።
3. «ማነህ?» ብላችሁ ጩኹ። «ፖሊስ ተጠርቷል» በሉ።
4. ባትሪ አብሩ። ፊቱን ያላያችሁትን ሰው ላይ አትተኩሱ። ከአዲስ አበባ በሌሊት መኪና የመጣ የእህት ልጅ፣ ሽንት ቤት የወጡ አያት፣ ቤት የተሳሳተ ሰካራም፦ ሁሉም በጨለማ ሌባ ይመስላሉ።
5. ክፍሉን ትታችሁ ፍለጋ አትውጡ።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። አደጋው ሕገወጥ፣ የደረሰ ወይም በጣም የቀረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። በግ ይዞ አጥር ዘሎ የሚሮጥ ሌባ ጀርባውን ሰጥቷል። እሱ ላይ መተኮስ በጉን አይመልስም፣ እናንተን ግን ተከሳሽ ያደርጋል። ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። ሰው ከሞተ ደም አለ። አበጋሮች መሐል ገብተው እስኪያስታርቁ ድረስ ወንድማችሁም፣ ስለ ሽጉጡ የማያውቀው አጎታችሁም ገበያ ለመውጣት ይፈራሉ።

ከተኮሳችሁ፦ ሽጉጡን ከእጃችሁ አስቀምጡ፣ ቁስለኛ ካለ እርዳታ ጥሩ፣ ቦታውን አትነካኩ፣ ቀለህ አታንሱ። ፖሊስ ሲመጣ እጃችሁ ባዶ ይታይ።

ደረጃ 10፦ ዝገትና አውሱኝ

ደሴ ጉም ታውቃላችሁ። ክረምት ላይ ልብስ እንኳ አይደርቅም። ሽጉጥን በቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱ ቆዳው በነካው ልክ ይወጣል። በወር አንዴ አውጡት፣ ፈትሹት፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስስ የመሣሪያ ዘይት ቀቡት። የምግብ ዘይትና ቅቤ አይሆንም፤ ይረጋና ተንሸራታቹን ያጣብቃል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ጣሉ። የድሮ የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ከተኮሳችሁ በዚያው ቀን በርሜሉን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡት። የአንዳንዶቹ ባሩድ መለኮሻ ጨው ትቶ ይሄዳል፣ ዘይት ብቻውን ጨውን አያነሳም።

«ለሠርጉ አውሰኝ፣ አንድ ሁለቴ ወደ ላይ ላጩህበት» የሚል አክስት ልጅ መምጣቱ አይቀርም። ፈቃዱ በእናንተ ስም ነው። ወደ ላይ የተተኮሰውም ይወርዳል። እምቢ በሉት። ከተቀየመ ሠርጉ ላይ በግ ጨምራችሁ ካሱት።

ሽጉጡ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ በዚያኑ ቀን፣ ከነመለያ ቁጥሩ፣ ለፖሊስ አስመዝግቡ። ቁጥሩን ለዚህ ብላችሁ ከሳጥኑ ውጭ ሌላ ቦታ ጽፋችሁ አኑሩ።

ባለፈቃዱ ሰው ከሞተ ሽጉጡ እንደ ጋቢና እንደ ሰዓት ለልጅ አይተላለፍም። ቤተሰቡ ሳይነካው ሳጥኑን እንደተቆለፈ ለፖሊስ ያሳውቅ። የታሸገው ሁለተኛ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ሚስት ወይም ባል ዛሬውኑ ይወቁ።